የቀዘቀዘው እሳት

ሐምሌ 19 ቀን፣ ክረምቱ ጠንክሮ ጭቃው ቁርጭምጭሚት በሚደርስበት ሰሞን፣ ከካዛንቺስ ተነሥቶ በመስቀል አደባባይ በኩል ወደ ቂርቆስ የሚወርድ ምእመን ነጠላውን መስቀለኛ አጣፍቶ፣ ጃንጥላውን ዘርግቶ በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውስጥ ሲቆም የሚሰማው ታሪክ ከልጅነቱ ጀምሮ የሚያውቀው ያው ታሪክ ነው፤ ይኸውም የሦስት ዓመቱ ሕፃን ቂርቆስና እናቱ ኢየሉጣ ለጣዖት አንሰግድም ስላሉ መኮንኑ እለእስክንድሮስ በፈላ ውሃ ጋን ውስጥ እንዲጣሉ ባዘዘ ጊዜ፣ እናቲቱ እንደ ነጎድጓድ የሚያስገመግመውን የፍላቱን ድምፅ ሰምታ ብትፈራ ሕፃኑ እንዳጽናናት፣ መልአኩ ቅዱስ ገብርኤልም ወርዶ የእሳቱን ኃይል እንዳበረደው የሚተርከው ነው። ካዛንቺስ ተወልጄ ያደግሁ እንደ መሆኔ ይህን ታሪክ በየዓመቱ እየሰማሁ አድጌአለሁ፤ ልጅ ሳለሁም ከሁሉ ይልቅ ያስደንቀኝ የነበረው የእሳቱ መጥፋት ሳይሆን፣ እሳት እሳትነቱን ሳይለቅ ማቃጠሉን ብቻ ሊተው መቻሉ ነበር። ተአምር ተአምር ነው፤ የሰው እጅ ሥራ ደግሞ የሰው እጅ ሥራ ነው፤ ሁለቱን ማደባለቅ አይገባም። ነገር ግን ካደግሁ በኋላ፣ ሰዎች የማያቃጥል ነበልባል በጣታቸው ይዘው በሰው ቁስል ላይ እንደሚያሳልፉት ባነበብሁ ጊዜ ልቤ ፈጥኖ የሄደው ወደዚያ ወደ ቂርቆስ ቅጥር ስለ ነበረ፣ የዚህን ነበልባል ታሪክ ከመነሻው መተረክ የምፈልገው ከዚያው ቆሜ ነው። ዓ.ም. ብዬ ከምጠቅሰው በቀር የምጽፈው ዘመን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

የሰው ልጅ ቁስልን በእሳት ማከም የጀመረው ዛሬ አይደለም። በአገራችን ብረት አግሎ መተኮስ አባቶቻችን የሚያውቁት ሕክምና ነው፤ ዛሬም በብዙ ሽማግሌ ሰውነት ላይ ጠባሳው ይታያል። በአውሮፓም እንዲሁ ነበር፤ በጥይት የቆሰለ ወታደር ቁስሉ በባሩድ መርዝ ተበክሏል ተብሎ ስለሚታመን፣ ሐኪሞች የፈላ ዘይት ያፈስሱበት ነበር። አገራችን በግራኝ ጦርነት በምትታመስበት በዚያው በ1530ዎቹ፣ አምብሯዝ ፓሬ የተባለ ወጣት ፈረንሳዊ የቀዶ ጥገና ሐኪም በቶሪኖ ዘመቻ ላይ ሳለ ዘይቱ አለቀበትና፣ የቀሩትን ቁስለኞች በእንቁላል አስኳል፣ በጽጌረዳ ዘይትና በተርፐንታይን ድብልቅ ቀብቶ፣ ሳይሞቱ አይቀሩም በሚል ሐሳብ ሌሊቱን ሙሉ እንቅልፍ አጥቶ አደረ። በማለዳ ሲጎበኛቸው ግን ዘይት የፈሰሰባቸው በትኩሳትና በእብጠት ሲሰቃዩ፣ ያልተቃጠሉት ሌሊቱን በደኅና ተኝተው አገኛቸው። ከዚያ ቀን ወዲህ ፓሬ ቁስለኛን ላለማቃጠል ወሰነ። እሳት ከቁስል ላይ መነሣት የጀመረበትን ጊዜ ፈልግ ብባል የምጠቅሰው ያን ማለዳ ነው። እሳቱ ተመልሶ ወደ ቁስል የመጣው፣ ግን ቀዝቅዞ የመጣው፣ ወደ አምስት መቶ ዓመት ከሚጠጋ ጊዜ በኋላ ነው።

ሊቃውንቶቻችን የሰው ሥጋ ከአራቱ ባሕርያት፣ ከመሬት፣ ከውሃ፣ ከነፋስና ከእሳት ተሠርቷል ብለው ያስተምራሉ። የአውሮፓ የሥነ ፍጥረት ተመራማሪዎች ቁስ አካልን በጠጣር፣ በፈሳሽና በጋዝ ከፍለው ሲያበቁ፣ እሳትን ግን የት እንደሚያኖሩት ለረጅም ጊዜ አልተገለጠላቸውም ነበር። አፄ ቴዎድሮስ ዘውድ ከጫኑ ሁለት ዓመት ቆይቶ፣ በ1857፣ ጀርመናዊው ቨርነር ፎን ሲመንስ አንዱን የመስታወት ቱቦ በሌላው ውስጥ አስገብቶ፣ በመካከላቸው አየር እያሳለፈ ኃይለኛ ኤሌክትሪክ ቢሰጣቸው፣ በሁለቱ መስታወቶች መካከል ያለው አየር ሳይነድ ደብዝዞ በርቶ ኦዞን የሚባለውን ሹል ሽታ ያለውን ጋዝ ወለደ። መብረቅ ከወደቀ በኋላ በደጅ የሚሸተን ያ ሽታ ነው። ኤሌክትሪኩ መስታወቱን ሰብሮ ለማለፍ ስለማይችል፣ እንደ መብረቅ በአንድ ጅማት ከመውረድ ይልቅ በብዙ ቀጫጭን ፍንጣሪዎች ተበትኖ ስለሚቀር አየሩ አልጋለም። ይህ ዘዴ በ1906 ኒስ የተባለችው የፈረንሳይ ከተማ የመጠጥ ውሃዋን በኦዞን ከተውሳክ እንድታጠራ አስቻላት። ሲመንስ ይህን ሲሠራ ስለ ቁስል አላሰበም፤ ሆኖም የዛሬዎቹ መሣሪያዎች ሁሉ አያት ያ ቱቦ ነው።

በ1879፣ በአፄ ዮሐንስ ዘመን፣ እንግሊዛዊው ዊልያም ክሩክስ ሼፊልድ ከተማ ለተሰበሰቡ ሊቃውንት ባደረገው ንግግር፣ አየር ከሞላ ጎደል በተነቀለበት የመስታወት ዕቃ ውስጥ በኤሌክትሪክ ኃይል የሚያበራውን ነገር አራተኛው የቁስ አካል ሁኔታ ነው ብሎ አወጀ። ይህን ባለ በሰባተኛው ዓመት፣ እቴጌ ጣይቱ ዛሬ ከካዛንቺስ በእግር በሚደረስባት ፍል ውሃ አጠገብ ቤት አሠርተው አዲስ አበባ ተቆረቆረች፤ የከተማዪቱም የመጀመሪያ የፈውስ ስፍራ መሬት ራሷ ያሞቀችው ያ ውሃ ነበር። በፓሪስ ዳርሶንቫል የተባለ ሊቅ በ1890ዎቹ ፈጣን ተለዋዋጭ የኤሌክትሪክ ጅረት በሰው ገላ ውስጥ ሳይጎዳ እንደሚያልፍ አሳየ። ከእርሱም በኋላ ሐምራዊ ብርሃን የሚሰጡ የመስታወት ዘንጎች ከራስ ምታት ጀምሮ ለደዌ ሁሉ መድኃኒት ናቸው እየተባለ በየገበያው ይቸረቸሩ ጀመር። ይህ ምዕራፍ ለሳይንስ ክብር አልጨመረም፤ እኔም ፈጥኜ አልፈዋለሁ።

ተፈሪ መኮንን የንጉሥነት ዘውድ በጫኑበት በ1928፣ አሜሪካዊው ኢርቪንግ ላንግሚር ለዚህ አራተኛ ሁኔታ ስም ሰጠው፤ ፕላዝማ አለው። ስሙን ከወዴት እንዳመጣው የሥራ ባልደረባው ሃሮልድ ሞት ስሚዝ በ1971 ሲያስታውስ፣ ላንግሚር በኤሌክትሪክ የበራው ጋዝ ኤሌክትሮኖችንና አዮኖችን ተሸክሞ ሲሄድ፣ የደም ፈሳሽ ቀይና ነጭ ሕዋሳትን ተሸክሞ እንደሚሄድ ሆኖ ታይቶት ነው ብሏል። የመብራት ተመራማሪው ለእሳቱ ስም ሲፈልግ ከሐኪሙ ጓዳ መበደሩ፣ በኋላ ለሚሆነው ሁሉ እንደ ትንቢት ሆኖ ይሰማኛል።

ካዛንቺስም ስሟን ያገኘችው ከዚህ በኋላ ነው። ጣሊያን አገራችንን በያዘበት በአምስቱ ዓመት፣ ለመንግሥት ሠራተኞች ቤት የሚሠራው ኢንቺስ የተባለው የጣሊያን ድርጅት በዚህ ሰፈር ቤቶች አቁሞ ስለ ነበረ፣ ካዛ ኢንቺስ የሚለው በሕዝቡ አፍ ካዛንቺስ ሆነ። ጠላት ሲወጣ ስሙ ቀረ። እኔ ባደግሁበት ቤት ሳሎን ጣሪያ ላይ አንድ ረጅም የፍሎረሰንት መብራት ነበረ፤ ማታ ማብሪያው ሲጫን ስታርተሩ ጠቅ ጠቅ እያለ ሁለቱ የቱቦው ጫፎች መጀመሪያ ይቀላሉ፣ ከዚያ መካከሉ ሁለት ሦስት ጊዜ ብልጭ ብልጭ ይልና በድንገት ቤቱ ሁሉ ነጭ ይሆናል። አባቴ ወንበር ላይ ቆሞ ቱቦውን በእጁ እያዞረ ሲያስተካክለው፣ አምፖል ያቃጠለኝ ልጅ ይህን መብራት ሲበራ መንካት መቻሉን እንደ ምሥጢር አየው ነበር። በዚያ ቱቦ ውስጥ ፕላዝማ እንዳለ ማንም አልነገረኝም።

ምሥጢሩ ይህ ነው። ፕላዝማ ውስጥ ከአቶሙ ተላቅቀው የሚሮጡት ኤሌክትሮኖች እጅግ ቀላል ሲሆኑ፣ የሚመቱአቸው አቶሞች እጅግ ከባድ ናቸው፤ አንድ የሂሊየም አቶም ብቻውን ከ7,000 በላይ ኤሌክትሮኖችን ያህል ይመዝናል። በእፍኝ ጤፍ ዘግነህ በኃይል ወደ ወፍጮ ድንጋይ ብትወረውር፣ ጤፉ ይፈናጠራል እንጂ ድንጋዩ አይነቃነቅም። እንዲሁም በመብራቱ ውስጥ የኤሌክትሮኖቹ ሙቀት ከ10,000 ዲግሪ ያልፋል፤ ጋዙ ግን እጅ የሚያስችል ብቻ ሆኖ ይቀራል። ሙቀት የሚለው ቃል ለአንድ ነገር ሁለት ልክ ሲኖረው ማየት እንግዳ ነው፤ ነገር ግን እውነት ነው። ችግሩ የሚመጣው አየሩ ሲበዛ ነው፤ በቱቦው ውስጥ ያለው ጋዝ እጅግ የሳሳ ስለ ሆነ ግጭቱ ጥቂት ነው። ቱቦውን ሰብረህ ያንኑ በደጅ አየር ልሥራው ብትል ግን፣ የጤፉ ውርወራ እንደ በረዶ ሆኖ ሳያቋርጥ ይወርድና ድንጋዩ ራሱ ይግላል፤ እሳቱ እሳት ይሆናል፤ የምታገኘውም የበያጁን ቅስት፣ ብረት የሚያቀልጠውን ነው።

በ1958 የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን በከተማችን ተቋቁሞ ኋላ ከካዛንቺስ ግርጌ መኖሪያውን ሲያደርግ፣ በዚያው ዓመት በአራት ኪሎ በኩል በዩኒቨርሲቲ ኮሌጁ ኢየሱሳዊው ካህን አባ ፒዬር ጉዌን የጂኦፊዚክስ ምርምር ጣቢያውን ሥራ አስጀመሩ። አዲስ አበባ ለምድር መግነጢሳዊ ወገብ ቅርብ ስለ ሆነች፣ ከራሳችን በላይ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ቀን ቀን ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚፈስሰው የኤሌክትሪክ ወንዝ የመሣሪያዎቻቸውን መርፌ ሲያናውጥ ይመዘግቡ ነበር። ያም ፕላዝማ ነው፤ ቀዝቃዛም ነው። እንግዲህ ቀዝቃዛው እሳት በሰማያችን ላይ ይፈስሳል፣ በጣሪያችን ላይም በመስታወት ታሽጎ ይበራል፤ በመካከል በምንተነፍሰው አየር፣ የሰው ቁስል ባለበት ከፍታ ላይ ግን በሲመንስ መስታወቶች መካከል ከሚበተነው ፍንጣሪ በቀር የለም።

ይህን ክፍተት የሞሉት በ1980ዎቹ መጨረሻ በቶኪዮ ሶፊያ ዩኒቨርሲቲ የነበሩት ሳቺኮ ኦካዛኪና ባልደረቦቿ ናቸው። በ1988 ባወጡት ጽሑፍ፣ ሂሊየም ጋዝ ተጠቅመው፣ ኤሌክትሪክ ከሚሰጠው ብረት ፊት እንደ ሲመንስ መስታወት ኤሌክትሪክ የማያሳልፍ ሽፋን አኑረው፣ አየር ሳይነቀል የሚኖር ጸጥ ያለ የፕላዝማ ብርሃን ማግኘታቸውን ገለጡ። ከዚያ ወዲያ ነገሩ እንደ ተከፈተ በር ሆነ።

በዚህ በር ቀድመው ከገቡት አንዱ አፍሪካዊ ነው። በቱኒዝያ ተወልዶ በአሜሪካ የተማረው ሙኒር ላሩሲ በ1996 ባሳተመው ጽሑፍ፣ በተራ አየር ግፊት የሚሠራ ቀዝቃዛ ፕላዝማ ባክቴሪያን እንደሚገድል አሳየ። የሕክምና ዕቃ በእንፋሎት ሲቀቀል አንዳንዱ ፕላስቲክ ይቀልጣል፤ ይህ ግን ሳያግል ያጠራል። በ2002 ኢቫ ስቶፈልስ በኔዘርላንድ አይንድሆቨን ጥያቄውን ከዕቃ ወደ ሕያው ሥጋ አሸጋገረችው፤ የፕላዝማ መርፌ ብላ በሰየመችው መሣሪያ ጫፍ ላይ በምትታይ ደቂቅ ብርሃን ሕዋሳትን ብትነካ፣ በጥቂቱ የተነኩት ሳይሞቱ እርስ በርስ ከተያያዙበት ተላቀቁ። ሕዋስ ሲቃጠል ይፈነዳል፣ ያለውንም መርዝ በጎረቤቱ ላይ ያፈስሳል፤ እነዚህ ግን ተነኩ እንጂ አልተቃጠሉም። እኔ በዚህ ታሪክ ውስጥ ትልቁን ድንበር የማየው እዚህ ላይ ነው።

በ2005 ላሩሲና ሺንፔ ሉ በቨርጂንያ ኖርፎክ፣ የፕላዝማ እርሳስ ያሉትን ሠሩ። እንደ እርሳስ በእጅ የሚያዝ ቱቦ ነው፤ በአንዱ በኩል ሂሊየም ይገባል፣ በውስጡ አጭር አጭር የኤሌክትሪክ ምት ይሰጠዋል፣ በሌላው ጫፍ እስከ 5 ሳንቲ ሜትር የሚደርስ ቀጭን ሐምራዊ ነበልባል ይወጣል፤ በዚያ ነበልባል መንገድ ላይ ባዶ ጣትን ማኖር ይቻላል። በዚያው ሰሞን በጀርመንም በአሜሪካም እጅግ ፈጣን ካሜራ ያቀረቡ ሰዎች፣ በዓይን ሲታይ ያልተቋረጠ የሚመስለው ነበልባል በእውነቱ እንደ ጥይት ተለያይተው የሚበርሩ የብርሃን እንክብሎች መሆናቸውን አገኙ፤ በሰከንድ አሥሮች ኪሎ ሜትር ይጓዛሉ። ሲኒማ ቤት ተቀምጠን የተቆራረጠውን ሥዕል አንድ ሆኖ እንደምናየው ያለ ነው።

በሙኒክ ነገሩን ወደ ሐኪም ቤት ያስገቡት ደግሞ የሰማይ ሰዎች ናቸው፤ ግሬጎር ሞርፊል ይሠራበት የነበረው የማክስ ፕላንክ ተቋም ሥራው ከምድር ውጭ ያለውን መመርመር ነበርና። ከ2005 ጀምሮ ከቆዳ ሐኪሞች ጋር ተባብረው ሥር የሰደደ ቁስል ያለባቸውን ሕሙማን ማከም ጀመሩ፤ በ2010 በታተመው ጥናታቸው 36 ሕሙማን ከተለመደው ሕክምና በተጨማሪ በየቀኑ 5 ደቂቃ ፕላዝማ አግኝተው፣ በቁስሉ ላይ ያለው ባክቴሪያ ፕላዝማ ካላገኘው ክፍል በ34 በመቶ የበለጠ ቀነሰ፤ ጉዳትም አልታየባቸውም።

በ2013 በባልቲክ ባሕር ዳርቻ ባለችው በግራይፍስቫልድ ከተማ ከሚገኘው የፕላዝማ ተቋም የወጣው ኪንፔን ሜድ የተባለው እርሳስ መሰል መሣሪያ በአውሮፓ ለቁስል ሕክምና ተፈቀደ። እርሱ የሚጠቀመው ሂሊየም ሳይሆን አርጎን ነው። ይህን ባነበብሁ ዕለት ወደ ቂርቆስ ወርጄ በመንገድ ዳር የሚሠሩትን በያጆች ቆሜ ተመለከትሁ፤ አሉሚኒየም የሚበይደው ወጣት ጥቁሩን መነጽር በግንባሩ ሰቅሎ፣ የቁመቱን ያህል ከሚሆነው የአርጎን ሲሊንደር ላይ ቁልፉን ሲከፍት ጋዙ ፍስ አለ፣ ከዚያ ዓይን የሚያጠፋው ሰማያዊ ቅስት በራ። ያው ጋዝ፣ ያው ኤሌክትሪክ፣ ያው ፕላዝማ ነው፤ የዚህኛው ብረት ያቀልጣል፣ የግራይፍስቫልዱ ከ40 ዲግሪ በታች ሆኖ ቁስል ይዳስሳል። ጋዙ ከሰፈራችን ከደረሰ ቆይቷል።

በቁስሉ ላይ የሚሆነውን ባጭሩ ልናገር። ነበልባሉ አየሩን ሲነካ ከኦክስጅን፣ ከናይትሮጅንና ከአየሩ እርጥበት ኦዞን፣ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ፣ ናይትሪክ ኦክሳይድና ሌሎችም ጥቂት ጊዜ ብቻ የሚኖሩ ነገሮች ይወለዳሉ፤ የባክቴሪያን ሽፋን ይቀድዳሉ። የገዛ ነጭ የደም ሕዋሳታችን ተውሳክን ሲዋጉ የሚረጩት ከእነዚህ ጋር አንድ ወገን ነው፤ ናይትሪክ ኦክሳይድም የደም ሥርን እንደሚያሰፋ የደረሱበት ሦስት ሊቃውንት በ1998 የኖቤል ሽልማት ተሸልመዋል። ሲበዛ ሁሉም ይጎዳል፤ ሲመጠን ተኝቶ የቀረውን ቁስል ይቀሰቅሳል። ስለዚህ ሐኪሙ የሚመጥነው ሙቀትን ሳይሆን ደቂቃንና ርቀትን ነው።

በ2019 የአሜሪካ የመድኃኒት ባለ ሥልጣን፣ በቀዶ ጥገና ዕጢ ከወጣ በኋላ የቀረውን የካንሰር ሕዋስ በቀዝቃዛ ፕላዝማ ለማጥፋት የሚሞከረውን የመጀመሪያውን የሰው ሙከራ ፈቀደ። መሣሪያውን የሠራው ሐኪም ጀሮም ካናዲ የሚሠራው በሜሪላንድ ታኮማ ፓርክ ነው፤ ብዙ ወገኖቻችን ከሚኖሩባት ከሲልቨር ስፕሪንግ ጎረቤት ማለት ነው። ሙከራው 20 ሰዎችን ይዞ ተፈጸመ፤ ዓላማውም ሕክምናው ይጎዳል ወይስ አይጎዳም የሚለውን መመርመር ስለ ነበረ፣ ካንሰርን አዳነ ብሎ ከዚያ መናገር አይገባም። በ2020 ደግሞ በጀርመን የተደረገ ጥናት ለእኛ ይበልጥ የሚቀርብ ነው። የስኳር በሽታ ያቆሰለውን እግር በአርጎን ነበልባል ያከሙት ሐኪሞች፣ ነበልባል የሚመስል ነገር ብቻ ከተደረገላቸው ይልቅ ቁስሉ ፈጥኖ ሲጠብ አዩ፤ ኢንፌክሽኑን በማራቅ ግን ጉልህ ልዩነት አላገኙም። እነዚህ ሰዎች ያላገኙትን አላገኘንም ብለው መጻፋቸው ያገኙትን እንዳምን ያደርገኛል።

በ2017 ዓ.ም. የኮሪደር ልማቱ ካዛንቺስ ደርሶ ነዋሪው ዕቃውን በጭነት መኪና እየጫነ ወደ ከተማዪቱ ዳር ሲሄድ፣ አክስቴም ከሄዱት ጋር ሄደች። ስኳር ከያዛት ብዙ ዓመት ሆኗታል፤ ከቀኝ እግሯ አውራ ጣት ሥር የሃምሳ ሳንቲም ያህል ስፋት ያለው ቁስል አለባት፤ ሕመሙ የነርቯን ስሜት ስለ ወሰደው በጫማዋ ውስጥ የገባች ጠጠር እንዳቆሰለቻት ያወቀችው ካልሲዋ ደም ሲነካ አይታ ነው። ካርዷ ያለው ቂርቆስ በምትገኝ አንዲት ክሊኒክ ስለ ሆነ፣ በሳምንት ሦስት ቀን በሁለት ታክሲ ትመጣለች፤ እኔም አንዳንድ ቀን አብሬአት እቀመጣለሁ። ባለፈው ወር እንዲሁ ተቀምጬ ሳለሁ ሲስተሯ ጓንቷን አጥልቃ፣ የደረቀውን ፋሻ በጨው ውሃ አርሳ፣ ጥቂት ጠብቃ፣ ከዳር እስከ ዳር ቀስ እያለች አነሣችው። ከራስጌዋ ያለው የፍሎረሰንት መብራት ስታርተሩ አርጅቶ ኖሮ ጠቅ ጠቅ ይላል፤ ከግድግዳው ማዶ የበያጁ ጋዝ ይፈስሳል። አክስቴ እግሯን ሰበሰበች።

«ልጄ፣ ያቃጥላል?»

«አያቃጥልም እማማ» አለች ሲስተሯ፤ ከዚያም ቁስሉን አጎንብሳ እንድታይ መብራቱ እስኪጸና ጠበቀች።